ሶሲን የሰጠሁበት ቧንቧ

አክስቴን የዳርኳት እኔ ነኝ። ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ የዳርኳትም ግድግዳ ውስጥ በተቀበረ የናስ ቧንቧ ነው። ዘመዶቻችን ይህን ታሪክ በየሠርጉና በየክርስትናው ሲቀባበሉት ሃያ ዓመት አለፈው። እያንዳንዱ የራሱን ቅመም ስለሚጨምርበት ዛሬ ዛሬ እኔ ራሴ እንደ እንግዳ አፌን ከፍቼ ነው የምሰማው። ባለፈው ወር ግን ሥራዬ ወደዚያው ሕንፃ መለሰኝና ነገሩን እንደነበረ ልጽፈው ወሰንኩ።

ሥራዬ አሮጌ ሕንፃ መለካትና መመዝገብ ነው። ሲያትል ውስጥ አንድ የድሮ ቤት ሊታደስ ሲል ሜትሬንና ካሜራዬን ይዤ እሄዳለሁ፤ መስኮቱን፣ ደረጃውን፣ ኮርኒሱን አንድ በአንድ ቅጽ ላይ አሰፍራለሁ። ጆርጅታውን ሰፈር ያለው የቀድሞ ሳሙና ፋብሪካ ቢሮ ተራው ሲደርስ አለቃዬ ሕንፃውን ታውቂዋለሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አስራ አንድ ዓመት ኖሬበታለሁ አልኩት። የቀለድኩ መስሎት ሳቀ።

ፋብሪካው ራሱ ከፈረሰ ቆይቷል። ሳሙና ማፍያው፣ መጋዘኑ፣ ጭስ ማውጫው ሁሉ ሄዶ የቀረው ቢሮው ብቻ ነው፤ በቪክቶሪያ ዘመን የተሠራ ባለ ሦስት ፎቅ ቀይ ጡብ፣ ከፊት ለፊቱ ቅስት ያለው የድንጋይ በር፣ ማዕዘኑ ላይ ለምንም የማይጠቅም ማማ። ከቅስቱ አናት ላይ የፋብሪካው መሥራች ፊት ከነጢሙ በድንጋይ ተቀርጿል። ሳሙና እየሸጠ ጢሙን እንዲያ ማንዠርገጉ ስለሚያስቀኝ ጢሞ ብዬ ስም አወጣሁለት፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ «ሃይ ጢሞ» ሳልለው አላልፍም ነበር። አባቴ አማረ የሕንፃው ጠባቂ፣ ጠጋኝና ጠራጊ ስለነበር ከታችኛው ፎቅ በስተኋላ ሁለት ክፍል ተሰጥቶን እዚያው እንኖር ነበር። ለክፍል ጓደኞቼ ማማ ያለው ቤት ውስጥ እንደምኖር ስነግራቸው ክፍሎቹ ስንት እንደሆኑ አልጠቅስም።

እናቴ ሁለት ዓመት ሳይሞላኝ አዲስ አበባ ውስጥ ነው የሞተችው። አባቴ ዲቪ ደርሶት እኔን ታቅፎ መጣ፤ ብዙም ሳይቆይ ታናሽ እህቱ ሶሲም የራሷ ዕድል ደርሷት ተከተለችን። በሃያ ሁለት ዓመቷ መጥታ እኔን ተረከበች። ፀጉሬን የምትሠራው፣ የትምህርት ቤት ወረቀት ላይ የምትፈርመው፣ ሲያስነጥሰኝ ከሌላ ክፍል ሆና «ይማርሽ» የምትለው እሷ ናት። አስተማሪዎቼ እናትሽ ሲሏት አላርማቸውም ነበር፤ እሷም አታርማቸውም።

አባቴ አገር ቤት ሳለ የሕንፃ ንድፍ ሠራተኛ ነበር። ስለዚህ መጥረጊያ ይዞ ሲዞር እንደ ጠራጊ አያይም፤ ግድግዳውን ያነበዋል። እኔም ባልዲ ተሸክሜ እከተለዋለሁ። «ይሄ ቤት ሰውን ይመድባል» ይለኝ ነበር። የፊት ለፊቱ ደረጃ ሰፊና ዝቅ ዝቅ ያለ ነው፤ ሳሙና ሊገዛ የመጣው ነጋዴ ሳያለከልክ ወጥቶ በደስታ እንዲፈርም። የጎኑ ደረጃ ግን ብረት ነው፤ ጠባብ፣ ቀጥ ያለ፣ ሁለት ሰው ቆሞ ሊያወራበት የማይችል። ሠራተኛው የሚገባው በዚያ ነው። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ያለው የሥራ አስኪያጁ መስኮት እንደ ሆድ ወደ ውጭ የተነፋውም ጠዋት አርፍዶ የሚመጣውን በሁለቱም አቅጣጫ ለማየት ነው። ዛሬ ቅጹ ላይ ይህን ሁሉ በትልልቅ ቃላት ነው የምጽፈው፤ የተማርኩት ግን ከባልዲው አጠገብ ነው።

ከሁሉም የምወደው ቧንቧውን ነበር። ስልክ እንደ ልብ ባልነበረበት ዘመን አለቆች ከፎቅ ሆነው የሚጮኹበት የመነጋገሪያ ቧንቧ ነው። አንደኛው አፉ ሁለተኛው ፎቅ፣ የቦርድ ክፍሉ ውስጥ፣ ከትልቁ ወንበር ጀርባ፤ ሌላኛው ታች፣ በጎኑ በር አጠገብ፣ የሰዓት ተቆጣጣሪው ይቀመጥባት በነበረች ቁም ሣጥን በምታክል ክፍል ውስጥ። ያቺ ክፍል ለማንም ስለማትሆን የኔ ሆነች። አንድ ጊዜ የቦርድ ክፍሉን የተከራየ ጠበቃ ከደንበኞቹ ጋር ተሰብስቦ ሳለ በቧንቧው የድመት ድምፅ አሰማሁት። ጠበቃው ግድግዳ ውስጥ ድመት ተቀርቅሯል ብሎ አቤት አለ። አባቴ ሦስት ቀን ባትሪ ይዞ ድመት ሲፈልግ ዋለ፤ በአራተኛው ቀን ወደኔ ለረጅም ጊዜ ተመለከተና የላይኛውን የቧንቧ አፍ በጨርቅ ወተፈው።

እዮብ ወደ ሕይወታችን የመጣው በዚያው ዓመት ነው። ፌደራል ዌይ በምትባል ጎረቤት ከተማ ይኖራል፤ ከአየር ማረፊያው እንግዶችን ወደ ሆቴል የሚያመላልስ ቫን ይነዳል። ሶሲም አየር ማረፊያ ውስጥ ነበር የምትሠራው፤ መጀመሪያ ዝናብ ስለጣለ ሸኛት፣ ቀጥሎ ሊዘንብ ይችላል ብሎ ሸኛት፣ በመጨረሻ ሰበብ መፈለጉን ተወው። እኔን «ካፒቴን» ይለኛል። የቫኑን በር የሚከፍተውን ቁልፍ እንድጫን ይፈቅድልኛል፤ በሩ ራሱ ሲከፈት እጄን ወደ ጎን ዘርግቼ ለሌሉ ቱሪስቶች «ወልካም ቱ ሲያትል» እላለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሶሲ እሱን እንድታገባው ወሰንኩ።

እዚህ ላይ ስለ ጋብቻ የነበረኝን እውቀት መናገር አለብኝ። በኔ ሂሳብ ሰው የቤተሰብ አባል ሲሆን ወደኛ ሕንፃ ይገባል። እኔና አባቴ መጣን፣ ገባን። ሶሲ መጣች፣ ገባች። እዮብ ደግሞ ሶሲን ካገባ ይገባል፤ ቫኑን ጢሞ ሥር ፓርክ ያደርጋል፤ እኔም በየጠዋቱ በቫን ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። ከዚህ ውጭ ሌላ መንገድ ሊኖር እንደሚችል አላሰብኩም፤ የነገረኝም የለም።

የአማቾች ጣጣ የጀመረው በኅዳር ነው። የእዮብ ሽማግሌዎች እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሊመጡ መሆኑ ተነገረ። ቅዳሜ ከሰዓት አባቴ የፊት ለፊቱን ደረጃ መደገፊያ በዘይት ጨርቅ ሲወለውል፣ ዋይት ሴንተር ሱቅ ያላት እትዬ ባየሽ ከታች ቆማ ታዋራው ነበር። እትዬ ባየሽ የእናቴ አብሮ አደግ ናት፤ በቤታችን ነገር ሁሉ የምክር ቤት አባል ነበረች። እኔ ከደረጃው ሥር ነበርኩ። ከደረጃ ሥር የሚሰማው ነገር ሁልጊዜ ከደረጃ ላይ ከሚሰማው ይበልጣል።

እምቢ ልትል ነው ወይ አለችው። አባቴ እምቢ አልልም አለ። ቀጠሮ እሰጣቸዋለሁ፣ ከዚያ ሌላ ቀጠሮ እሰጣቸዋለሁ፣ ሰው ሲሰለቸው ራሱ ይተወዋል አለ። እሷም፣ ልጅቷ ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ሰውየው ጨዋ ነው፣ ምን ልሁን ብለህ ነው ብላ ተቆጣች። ከዚያ ባቡር አለፈ። ጆርጅታውን ውስጥ ባቡር ሲያልፍ ወይም ትንንሾቹ አውሮፕላኖች ሲነሱ ሰው ሁሉ አረፍተ ነገሩን አቋርጦ ይጠብቃል፤ አባቴ ግን ያን ጊዜ አልጠበቀም፤ በባቡሩ ድምፅ ውስጥ ተናገረ። እኔ የሰማሁት የእትዬ ባየሽን ዝምታ ብቻ ነው።

ምን እንዳለ እትዬ ባየሽ የነገረችኝ ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው። ስሜን ጠርቶ «ሃሴትስ?» ነው ያለው። ሌላ ምንም አልጨመረም።

በዘጠኝ ዓመቴ ግን ምክንያቱን በራሴ ደረስኩበት። አባቴ ሽሮ እንኳን አሳርሮ ነው የሚሠራው፤ እህቱን የሚከለክለው ለሆዱ ብሎ ነው አልኩ። በጣም ተናደድኩ። ጥንዶቹ ተጋብተው እኛው ጋ የሚኖሩ ከሆነ ሽሮውስ የት ይሄዳል ብዬ ልከራከረው አስቤ ነበር፤ ግን ደረጃ ሥር እንደነበርኩ ይታወቅብኛል ብዬ ተውኩት።

በምትኩ ለእዮብ ክፍል ማዘጋጀት ያዝኩ። በቤታችንና በጎኑ በር መካከል የፋብሪካው የድሮ ካዝና ክፍል ነበረ፤ የብረት በሩ ከብዙ ዘመን በፊት ተነቅሎ ግድግዳው ብቻ የቀረ፣ መስኮት የሌለው፣ አባቴ መወልወያና ባልዲ የሚያስቀምጥበት። ባልዲዎቹን አወጣሁ። ወለሉን ጠረግሁ። የኔን ብርድ ልብስ አነጠፍኩ፣ ሶፋ ላይ ያለውን ትራስ አስቀመጥኩ፣ ለግድግዳው ደግሞ የአየር ማረፊያ ስዕል ሠርቼ ለጠፍኩ፤ ሥራውን እንዳይረሳ። እዮብ ረጅም ስለሆነ እግሩን አጠፍ ማድረግ ሊኖርበት ነው። ለመጀመሪያ ዓመት ይችለዋል ብዬ ወሰንኩ።

አባቴ የቦርድ ክፍሉን እንዲጠቀም ከሕንፃው ባለቤት፣ ከአንዲት አሮጊት፣ ተፈቅዶለት ነበር። አሮጊቷ ለምን እንደፈለገው ስትጠይቀው «የቤተሰብ ቦርድ ስብሰባ» አላት፤ እሷም ጠረጴዛው ላይ እንዳይበላ ብቻ አሳሰበች። እሑድ ጠዋት ክፍሉን ስናዘጋጅ እኔ ወንበር አቧራ እጠርጋለሁ፤ እሱ መጋረጃውን እስከ ዳር ገፍቶ ከፈተ። ከዚያ በሩ ጋ ሄዶ ቆመ፣ ተመልሶ ትልቁ ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ እንደገና በሩ ጋ ሄዶ ቆመ። ምን እያደረግህ ነው አልኩት። «ይሄ ክፍል እምቢ ለማለት የተሠራ ነው» አለኝ፤ ለእኔ የነገረኝ አልመሰለኝም፤ ለራሱ ነበር የሚናገረው።

እኔ ክፍሉን ሊያሳምር የሚደክም መስሎኝ ነበር። ዛሬ በሙያዬ ስመለከተው አባቴ ምን እንዳደረገ ይገባኛል። ረጃጅሞቹ መስኮቶች ከትልቁ ወንበር ጀርባ ናቸው። ሊለምን የመጣ ሰው በሩ ጋ ሲቆም ብርሃኑ ዓይኑን ይወጋዋል፤ ወንበሩ ላይ ያለው ሰው ግን ፊቱ አይታይም። ደመወዝ ሊያስጨምር የገባ ሠራተኛ ሁሉ ዓይኑን እያርገበገበ እንዲወጣ ታስቦ የተነደፈ ነው። አባቴም ሽማግሌዎችን በዚህ ሊመልስ ነው ያሰበው። የረሳው አንድ ነገር ቢኖር ሲያትል ውስጥ መሆኑን ነው። ከሰዓት ላይ ሰማዩ እንደ ድስት ክዳን ተደፋ፤ ዝናቡ ወረደ፤ መብራት ማብራት ግድ ሆነ፤ መብራቱ ደግሞ የተሰቀለው ልክ ከትልቁ ወንበር በላይ ነበር። የአባቴ ፊት እንደዚያን ቀን ጎልቶ ታይቶ አያውቅም።

ታች ቤታችን ውስጥ ሶሲና እትዬ ባየሽ ለስላሳና ዳቦ ያሰናዳሉ። ሶሲ አንዱን ብርጭቆ አራት ጊዜ አጠበችው። ሽማግሌዎች መጥተው ምን እንደሚሉ እትዬ ባየሽን ጠየቅኋት። አስረዳችኝ፤ ልጃችሁን ለልጃችን ይላሉ፣ መልስ እስኪያገኙ አይቀመጡም። እኛስ ምን እንላለን አልኩ። «ካልፈለግን ቀጠሮ እንሰጣለን። ከፈለግን ‹ሰጥተናል› እንላለን፤ እሱ ከተባለ አለቀ፤ ማንም አይመልሰውም» አለችኝ። ሶሲ ፊቷን ወደ ማጠቢያው አዞረች። እያለቀሰች ነበር። አባቴ ስለሚከለክላት ነው ብዬ ገመትኩ፤ አሁን ሳስበው አንድ ጊዜ ብርጭቆውን፣ አንድ ጊዜ እኔን እያየች ነበር የምታለቅሰው።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ። ካፖርታቸው ላይ ጋቢ ደርበዋል። የመጡት በእዮብ ቫን ነው፤ እዮብ ራሱ መታየት ስለሌለበት ቫኑን ከመንገዱ ማዶ ፓርክ አድርጎ መሪው ሥር ዝቅ ብሎ ተቀምጧል፤ በቫኑ ጎን ላይ ግን የሆቴሉ ስም ክንድ በሚያህል ፊደል ተጽፏል። የቡድኑ መሪ አባባ ተክለ ጻድቅ ነበሩ፤ ከሳቸው ቀጥሎ ብዙ ትዳር ያስታረቁት ጋሽ ወንድምአገኝ፤ ሦስተኛው ጆሯቸው ላይ የመስሚያ መሣሪያ ያደረጉት ጋሽ ኪዳነ ወልድ። ጢሞን ቀና ብለው አይተው አባባ ተክለ ጻድቅ ማን ናቸው ብለው ጠየቁ። አባቴ የሳሙና ነጋዴ ናቸው ሲላቸው ራሳቸውን ነቅንቀው ገቡ።

እኔ እንዳልታይ ተነግሮኝ ነበር። አልታየሁም። ጠዋት ወንበር ስጠርግ የቧንቧውን ጨርቅ ነቅዬ ኪሴ ከትቼዋለሁ፤ አሁን በሰዓት ተቆጣጣሪው ክፍል ውስጥ ባልዲ ላይ ቆሜ ጆሮዬን ናሱ ላይ ለጥፌያለሁ።

ሁሉም ነገር ይሰማል። ተቀመጡ ተባሉ፤ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። አባባ ተክለ ጻድቅ ከአዳምና ከሔዋን ጀመሩ። በአብርሃም በኩል አድርገው፣ ይስሐቅንና ርብቃን አልፈው፣ ወደ ፌደራል ዌይ ለመድረስ ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው። እዮብ እንደማይጠጣ፣ እንደማያጨስ፣ በሥራው አንድም ቀን አርፍዶ እንደማያውቅ ተነገረ። በዚያ ቤት ውስጥ ስለ አለማርፈድ ሲወራ የግድግዳው ጡብ እንኳን ሳይደሰት አልቀረም። ከዚያ ጋሽ ወንድምአገኝ ቀበል አድርገው ልጃችሁን ሶሲን ለልጃችን ለእዮብ ብለን መጥተናል አሉ።

አባቴ ጉሮሮውን ጠራረገ። ስላከበራችሁን እናመሰግናለን አለ። ነገሩ ትልቅ ነው፣ ዘመድ አገር ቤትም አለ፣ መመካከር ያስፈልጋል አለ። ድምፁ ለስላሳ ነበር፤ የቤት ኪራይ ለዘገየባቸው ተከራዮች የሕንፃውን ባለቤት ወክሎ የሚናገርበት ድምፅ። «እንግዲህ ከገና በኋላ ብንገናኝ» አለ።

ሽማግሌዎቹ ምንም አልመሰላቸውም። በመጀመሪያ ቀን እሺ የሚል ወገን ልጁ ላይ የሆነ ነገር አለ ይባላል፤ ቀጠሮ የወጉ ነው። ይህን እኔ አላውቅም ነበር። በቤተሰባችን ተረት ውስጥ ሰው ሁሉ የሚስቀው በዚህ ነው፤ ወግ የማታውቅ የአሜሪካ ልጅ የይስሙላውን ቀጠሮ የምር አድርጋው ነገር አበላሸች ይባላል። ግን የዚያን ቀን ቀጠሮው የምር እምቢታ መሆኑን የምናውቀው አባቴ፣ እትዬ ባየሽና ደረጃ ሥር የነበርኩት እኔ ብቻ ነበርን።

ከገና በኋላ፣ ከዚያ ሌላ ቀጠሮ፤ ከዚያም ይሰለቻቸዋል። ቫኑ ይሄዳል። አፌን ቧንቧው ላይ ደቀንኩ፤ እንዳይታወቅብኝ ድምፄን በተቻለኝ አወፍሬ፣ «ሰጥተናል» አልኩ።

ላይ ምንም ድምፅ አልነበረም። የሰሙኝ ስላልመሰለኝ ደገምኩት።

እስከ አስራ አምስት ዓመቴ ድረስ ሽማግሌዎቹ የመልአክ ቃል የሰሙ መስሏቸው ነበር ብዬ አምን ነበር። እውነቱ ግን ሁሉም ከመጀመሪያዋ ፊደል ጀምሮ የልጅ ድምፅ መሆኑን አውቀዋል፤ በጎርናና ድምፅ የሚናገር ጉንፋን የያዘው ልጅ። የተደናገጡት ጋሽ ኪዳነ ወልድ ብቻ ናቸው። የጆሯቸውን መሣሪያ አውጥተው አራገፉትና ለባልንጀሮቻቸው «ይሄ ነገር ሬዲዮ መሳብ ጀመረ» አሏቸው።

ከዚያ አባባ ተክለ ጻድቅ ሲናገሩ ሰማሁ። ማን ናት አሉ። አባቴ ልጄ ናት አለ። ስንት ዓመቷ ነው አሉ። ዘጠኝ አለ። እናቷስ ብለው ጠየቁ፤ አባቴ መሞቷንና ያሳደገችኝ ሶሲ መሆኗን ነገራቸው። ከዚያ የአባባ ተክለ ጻድቅ ድምፅ ተለወጠ፤ ንግግራቸውም ከአዳም የጀመረውን ያህል የረዘመ አልነበረም።

«አቶ አማረ፣ እኛ የመጣነው የቤተሰቡን ቃል ልንሰማ ነው። ልጅቱን ያሳደገቻት ሶሲ ከሆነች ለሶሲ ከዚህች ልጅ የቀረበ ወገን የለም። ይህን ቃል እርስዎ ይሽሩታል?»

እግር ሲራመድ ተሰማኝ። ከዚያ የአባቴ ትንፋሽ በቧንቧው ውስጥ መጣ፤ ቅርብ ከመሆኑ የተነሳ ወደ ኋላ አፈገፈግሁ።

«ሃሴት።»

«አቤት።»

«ሶሲን ሰጠሽ?»

ቁጣ ጠብቄ ነበር። ጥያቄ መሆኑ ልብ ሰጠኝ። «የስ። ሰጥቻለሁ። ክፍሉንም አዘጋጅቻለሁ» አልኩት።

«የምን ክፍል?»

«የእዮብን። ካዝናው ውስጥ። ትራስ አለው።»

ከሩቅ ሽማግሌዎቹ ሲስቁ ይሰማኛል። አባቴ አልሳቀም። ትንፋሹ እየወጣ እየገባ ቆየ። አሁን ይቆጣል፣ አሁን ይወርዳል እያልኩ ባልዲዬ ላይ ጠበቅሁ። ቧንቧው ውስጥ ምንም አላለኝም። ፊቱን አዙሮ፣ «ሰምታችኋል፤ እኔ የምጨምረው የለም» ሲል ድምፁ ከሩቅ መጣ። ከዚያ ሦስት ወንበሮች ተጎተቱ። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ባንድ ጊዜ ሆነ። እትዬ ባየሽ ከታች እልል አለች። ጋሽ ወንድምአገኝ ስልካቸውን አውጥተው እዮብን ኮል አደረጉት። እዮብ ዝናቡን አቋርጦ ሲሮጥ በትልቁ በር መግባት ስላልደፈረ በጎኑ በር መጣና እኔ ላይ ተደናቀፈ። እጁን ይዤ ወደ ካዝናው ወሰድኩት። ብርድ ልብሱን፣ ትራሱን፣ ስዕሉን አሳየሁት። ጎንበስ ብሎ ገባ፤ ትራሱ ላይ ተቀመጠ፤ ጉልበቱ አገጩ ጋ ደረሰ። ግድግዳውን ዞሮ አየ። «ካፒቴን» አለኝ፤ የአየር ማረፊያውን ስዕል በጣቱ ነካ አደረገ። «አሪፍ ክፍል ነው» አለኝ በመጨረሻ።

ሶሲ በሩ ላይ መጥታ ቆመች። ትራሱንና እሱን አየች። እንደዚያ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም። ለሁለት ሰው አለመብቃቱ ያሳዘናት መስሎኝ፣ አይዞሽ፣ ሌላ ትራስ አመጣለሁ አልኳት።

የተጋቡት ከፋሲካ በኋላ ነው። በሠርጉ ቀን ቀለበት በትሪ ይዤ ሄድኩ፤ ከሁሉም ሰው በላይ ጨፈርኩ። በነጋታው ሶሲ ሁለት ሻንጣ ይዛ ከቤታችን ወጣች። አንዱን ሻንጣ እየጎተትኩ ያገዝኳት እኔ ነኝ፤ ለጫጉላ የሆነ ቦታ ሄዳ የምትመለስ መስሎኝ። የቫኑን በር የሚከፍተውን ቁልፍ ተጫንኩ። መቼ ነው የምትመጡት አልኩ። ሶሲ ጎንበስ ብላ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ፀጉርሽን ልሠራ እመጣለሁ አለችኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ የሚለው ቃል ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት ቫኑ ሃይዌዩ ውስጥ እስኪገባ ፈጀብኝ።

ፌደራል ዌይ መንገድ ካልተጨናነቀ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ያን ጊዜ ግን ከዓለም ዳርቻ ይርቅብኝ ነበር። አባቴን ለአንድ ሳምንት አላናገርኩትም። እሱም ሳያናግረኝ ሽሮውን አሳርሮ ያቀርብልኛል፤ እኔም ሳላናግረው እበላለሁ። ሶሲ ግን ቃሏን ጠበቀች። አርግዛም፣ ወልዳም፣ አዝላም ቅዳሜ ቅዳሜ መጣች፤ አስራ ስምንት ዓመት እስኪሆነኝ ድረስ የቀረችባቸውን ቅዳሜዎች በጣቶቼ እቆጥራቸዋለሁ። ዛሬ ሦስት ልጆች አሏት፤ እዮብ ራሱ የሚያስተዳድራቸው አራት ቫኖች አሉት። ጥሩ ሰው ነው። ጥሩ ሰጥቻለሁ።

ባለፈው ሳምንት የሕንፃውን ንድፍ ጨርሼ ሌክ ሲቲ አባቴ ቤት ወሰድኩለት። ጡረታ ወጥቷል፤ መነጽሩን አድርጎ ወረቀቱን ምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። መጀመሪያ የብረቱን ደረጃ ቆጠረና አንድ እርከን አጉድለሻል አለኝ። ትክክል ነበር። ከዚያ ጣቱ በሁለተኛው ፎቅ ላይ ሄዶ የቦርድ ክፍሉ ጋ ሲደርስ ቆመ። ሃያ ዓመት ሙሉ እንደ ቀልድ ያለፍነውን ነገር ጠየቅሁት። ያን ቀን ለምን እሺ አልክ አልኩት።

መነጽሩን አወለቀ። «እምቢ ልል የነበረው ላንቺ ብዬ ነው። አንዴ እናት አጥተሻል። ሁለተኛ ላሳጣሽ አልፈለግሁም። አንቺው ስትሰጫት ሰበቤ አለቀ። ሶሲም ሰው ናት፤ እስከ መቼ ለኛ ትኑር?»

«ግን እኮ አልገባኝም ነበር» አልኩት። «ክፍል አዘጋጅቻለሁ ስልህ ምን እንዳሰብኩ ገብቶህ ነበር?»

«ወዲያው ነው የገባኝ።»

ነገሩ በዚህ ዕድሜዬ የሚያናድደኝ አልመሰለኝም ነበር። «ባባ፣ ያኔ በዚያ ቧንቧ ብታስረዳኝ ኖሮ እምቢ እል ነበር።»

አባቴ መነጽሩን መልሶ አደረገና እርሳስ አንስቶ የጎደለችውን እርከን ራሱ ይጨምር ጀመር።

«ለዚያ እኮ ነው ያላስረዳሁሽ» አለኝ።